ለእሳት የመረጥነው ብረት

ባለፈው ጥር ለልጄ ለሜሮን ሠርግ የቤት ዕቃ ልንገዛ ወጥተን ነበር። መናኸሪያውን አለፍ ብሎ ካለው ዕቃ ቤት ገባንና እኔ ትልቁን ድስት ሳገላብጥ፣ ባለሱቁ ከመሳቢያው ማግኔት አውጥቶ ድስቱ ላይ ለጠፍ አደረገው። ማግኔቱ አልያዘም፤ ተንሸራቶ መደርደሪያው ላይ ወደቀ። "አዩ ማዘር? አይነካም! ኦሪጅናል ስቴንለስ ነው። ዕድሜ ልኩን እሳት ላይ ቢጣድ ምንም አይሆንም" አለኝ ደስ ብሎት። እኔ ድስቱን አስቀመጥኩና "በል ይህን ነገር ከፊቴ አንሳልኝ" ብዬ ጮህኩበት፤ ምስኪን፣ ምን አውቆ! ሜሮን ደግሞ ከኔ ብሳ፣ ሙሽራ በማይመስል ፊት፣ "ወንድሜ፣ ማግኔት ስለ እሳት ምንም አይነግርህም። ለሰው እንዲህ እያልክ አትሽጥ" ብላው ጥላን ወጣች። ተከትያት ስወጣ አስፋልቱ ዳር ቆማ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። አባቷ ትዝ ብሏት ነው አልኩ በሆዴ። አባቷ ብቻ እንዳልነበረ የነገረችኝ ቤት ከገባን በኋላ ነው፤ እሱን እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ዳቦ ቤታችን ላውራችሁ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

ዳቦ ቤታችን አምቦ፣ ወደ ሁሉቃ ድልድይ ሲወርዱ በስተግራ ነበር፤ ዛሬ ሞባይል የሚጠገንበት ባለመስታወት ቤት ቆሞበታል። እኔና ባለቤቴ ተሰማ ከተጋባን ጀምሮ የኖርነው እዚያ ነው። ዘመኑን ልቁጠር ብል ይደባለቅብኛል፤ ከለቀቅነው አሥር ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ትዝ የሚለኝ ዳቦ አንድ ብር እንደነበር ነው፣ ያውም እጅ የሚሞላ፣ ሲቆረስ ቀጭ የሚል። ዛሬ በዚያ ብር ዳቦውን አሽትቶ መመለስም አይቻል። ወንዶቹ ጥቁር የቆዳ ጃኬት በሐምሌም በየካቲትም አይለያቸውም ነበር፤ ሴቶቹ እግራቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ሱሪ ለብሰው ከላዩ አጭር ቀሚስ ይደርቡበታል። ባጃጁ ሁሉ ዘፈኑን ለቆ ይከንፋል፤ ኦሮምኛው ካማርኛው፣ የአንዱ ዘፈን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር እየተቀላቀለ በራችን ላይ ያልፋል። ቅዳሜ ከሸነን፣ ከጌዶ፣ ከጊንጪ ለገበያ የመጣው ሰው ሲመለስ ለልጆቹ ዳቦ ሳይዝ አይሄድም። "አዴ አስካለ፣ ዳቦን ጅራ?" ይሉኛል፤ ወይዘሮ አስካለ፣ ዳቦ አለ ወይ ማለታቸው ነው። ጅራ! ለምን አይኖርም? ተሰማ እያለ ከኛ ቤት ዳቦ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ እዚያ ጋ ሳልፍ የሞባይል ቤቱ ልጆች "እማማ፣ ካርድ ልስጥዎት?" ይሉኛል፤ አይ የኔ ልጆች፣ እናንተ የምትቆሙበትን መሬት ስንት ዓመት ጠርጌዋለሁ እላለሁ በሆዴ።

አሮጌው ምድጃችን አማቼ በጡብና በጭቃ የሠሩት ነበር። ባሕር ዛፉን ይበላል፣ ይበላል፣ አይጠግብም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራው ይሰነጠቅና ተሰማ በጭቃ ሲለስነው ይውላል። አንድ ቀን እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ "አስኩ፣ በቃ፣ የብረት ምድጃ ላሠራ ነው" አለኝ። ከታች እሳቱ የሚነድበት የብረት ሳጥን፣ ከላይ ዳቦው የሚደረደርበት፣ ጭሱ ለብቻው በቱቦ ከጣራ በላይ የሚወጣ። እንጨቱ ይቀንሳል፣ ዳቦውም ጭስ ጭስ አይልም። የሚሠራውስ ማን ይሆናል? ገመቹ ነዋ! ገመቹ ከኛ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ብየዳ ቤት ነበረው። አምቦ ውስጥ እጁ ያልነካው የግቢ በር ብትፈልጉ አታገኙም። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዓይኑ ከብየዳው ብርሃን ሁሌ የቀላ ሰው ነው፤ ከተሰማ ጋር ሲገናኙ ግን እንደ ጎረምሳ ነው የሚቀላለዱት። ተሰማ "ገሜ፣ ያንተ በር እኮ ሌባ ሲያይ ራሱ ይከፈታል" ይለዋል። እሱ ደግሞ "ያንተ ዳቦስ? ጥርስ የሌለው ሰው ካየው ያለቅሳል" ይለዋል። ልጅ አልነበረውም፤ ሜሮንን "ኢንተለ ኮ"፣ ልጄ፣ ነው የሚላት። እሷም "ጋሼ ገመቹ" ብላ ከሥሩ አትጠፋም ነበር።

ማግኔቱን ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን በኛ አገር ብረት የሚገዛው በማግኔት ነው። ሬዲዮ ተበላሸ ከተባለ ሰው ቀድሞ የሚፈታው የድምፅ ማጉያውን ማግኔት ነበር። ገበያ የሚወጡ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ይዞራሉ፤ ለሙሽራ የመጣ ጭልፋ እንኳ ሳይፈተን አይቀመጥም። "ያዘ ወይስ አልያዘም?" ነው ጥያቄው። ከያዘ ተራ ብረት ነው፣ ይዝጋል። ካልያዘ ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም፣ አይቃጠልም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ትልቅ ትንሹ አምኖበት ነበር። ተሰማ የሱን ማግኔት ጃኬቱ የደረት ኪስ ውስጥ ነው የሚይዘው፤ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ እላዩ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ለድስቱስ ይሁን፣ በየቀኑ እሳት ለሚነድበት ሳጥንም ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም።

ብረቱን ሊገዙ ሁለቱ በጠዋት አውቶቡስ አዲስ አበባ፣ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሄዱ። ሲመለሱ ተሰማን ደስታው አላስቀምጠው አለ። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣላቸው ከፈረሰ የፋብሪካ እቶን የተነቀለ፣ ጥቁር፣ ከባድ ዝርግ ብረት ነበር። ሰውየው "ይሄ ለእሳት የተሠራ ነው" እያለ ሲምል ተሰማ ማግኔቱን አስጠጋ፤ ጥብቅ! "ሊሸውደኝ እኮ ነው! እኔን! ማግኔቱን ከኪሴ ሳወጣ ፊቱን ባየሽው!" ይለኛል እየሳቀ። ከወዲያኛው ሱቅ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ማግኔት የማይዘው አገኘና ያንን ጭኖ መጣ። ገመቹ በሩ ላይ ቆሞ ወሬውን ሰማ፣ አብሮ ግን አልሳቀም። ደክሞት ነው ብዬ እህል ቅመስ ብለው እምቢ ብሎ ሄደ።

ምድጃው ሲያልቅ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ ፊት ያሳያል። እኔ እንኳ መሐረቤን እያየሁበት አስር ነበር። ታዲያ ጠዋት ጠዋት የእሳቱ ሳጥን ፍም እስኪመስል ይቀላል፣ ቀትር ላይ ይበርዳል፣ ማግስቱን እንደገና። ያ መስታወት የመሰለ ብረት ብዙም ሳይቆይ ጠቆረ፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፍ ጀመር። አመድ ስጠርግ ቅርፊቱ ከመጥረጊያዬ ጋር ይወጣል። ተሰማ "አዲስ ስለሆነ ቆዳውን እየጣለ ነው" ይለኛል። ቀጥሎ ከብየዳው አጠገብ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣ፤ ገመቹ መጥቶ በየደው። ከጎኑ ሌላ ወጣ፤ ያንንም በየደው። ተሰማን በዚሁ ሰሞን ራሱን ይወጋው ጀመር። ምድጃው ሥር ሲውል ያቅለሸልሸዋል፣ እግሩ ይዝላል። ጤና ጣቢያ ደም ግፊት ነው ብለው ኪኒን ሰጡት። እኔ ጸበል ወሰድኩት። እሑድ እሑድ ቤት ሲውል ይሻለዋል፤ ሰንበቷ ናት የማረችው እላለሁ። ለካ እሑድ እሳቱ ስለማይነድ ኖሯል! ወይ አለማወቅ! ያን ጊዜ ግን በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር ጭሱ እየወጣ ዕድሜውን ያራዝምለት ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ሰሞን መጣ። ምኑን እነግራችኋለሁ፤ የኖረበት ያውቀዋል፣ ያልኖረበት ቢነግሩትም አይገባው። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፤ አንዱ ሱቅ ዝጉ ይላል፣ ሌላው ለምን ዘጋችሁ ይላል። የከፈተም ፍዳውን አየ፣ የዘጋም ፍዳውን አየ። ከተማው ዳቦ አጣ። ተሰማ ታዲያ መላ መታ፤ በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ፣ ከጣራው ሥር ያለችውን የአየር መግቢያ ሳይቀር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ፣ ብርሃንና ሽታ ወደ መንገድ እንዳይወጣ አድርጎ ይጋግር ጀመር። ጎረቤት በጓሮ እየመጣ በፌስታል ይወስዳል። "አንተ ሰውዬ፣ ባንተ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ?" ብዬ ስቆጣው "ሰው ለልጆቹ ምን ያብላ አስኩ?" ይለኛል። ሠራተኞቹ መንገዱ ተዘግቶባቸው ከየአገራቸው አልተመለሱም፣ ብቻውን ነበር የሚሠራው። ያን ቀን ከሰዓት እኔና ሜሮን አራስ ልንጠይቅ ጎረቤት ገብተን ቆየት አልን። ስንመለስ የጓሮው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። መታሁ፣ ተጣራሁ፣ ዝም። ሜሮን ሮጣ ገመቹን ጠራችው። መብራት ጠፍቷል፣ የብረት መቁረጫው አይሠራም፤ በፌሮ ፈልቅቆ ከፈተው። በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት፣ ያ የጋለ ብረት ሽታ፣ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ተሰማ ሊጥ የሚዳመጥበት ጠረጴዛ ሥር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። እንቅልፍ የጣለው ነበር የሚመስለው። ገመቹ ተሸክሞ ጓሮ አወጣውና ሳር ላይ አስተኝቶ "ተሴ! ተሴ! ካኢ!" ይለዋል፤ ተነሣ ነው የሚለው። ተሰማ አልተነሣም። ምድጃው ውስጥ የቀረው ዳቦ አርሮ ከሰል ሆኗል።

ሐኪሙ የጭስ መርዝ ነው አለ። ወንዶቹ ምድጃውን ሲያዩት ስንጥቁ የብየዳውን ጥግ ጥግ ይዞ ጣት ያስገባል። ለሰው ይሄ በቂ ነው፤ "ብየዳው ነው የፈጀው" ተባለ። በሰልስቱ ገመቹ ድንኳን ውስጥ ጥጉን ይዞ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሽማግሌ "ገመቹ፣ እንዴት ሆነ ይህ ነገር?" ብለው ጠየቁት። አንገቱን ደፋ። ያኔ ሜሮን ከሴቶቹ መሃል ተነሣች፤ ገና አሥረኛ ክፍል ናት። ጋሼ ስትለው የኖረችውን ሰው "አንተ ነህ አባዬን የገደልከው! ያንተ ብየዳ ነው! ምን ቀረህ እዚህ? ውጣ!" አለችው። ለቅሶው ራሱ ቆመ። እሱ ተነሣ፤ ጫማውን ከዚያ ሁሉ ጫማ መሃል ፈልጎ እስኪያገኝ ሰው ሁሉ እያየው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አምቦ ውስጥ ለመስኮት ፍርግርግ እንኳ የሚጠራው ጠፋ። የተሰማን ምድጃ የበየደው፣ ሆነ ስሙ። በመንገድ ሲያልፍ ሰውን ሰላም ማለት ያሳፍረው ጀመር። አንድ ቀን ብየዳ ቤቱ ባዶውን ተገኘ፤ ጌዶ ሄዷል ተባለ። ሚስቱ አብራው አልሄደችም፣ ወደ ወንድሞቿ ተመለሰች። እኛም ዳቦ ቤቱን ሸጥን፤ እኔ ከዚያ በር መግባት አልቻልኩም።

ዕቃ ልንገዛ ወደ ወጣንበት ቀን ልመለስ። ቤት ገብተን ሜሮን ሻርፗን እንኳ ሳትፈታ "እማዬ፣ ብየዳው አልነበረም" አለችኝ። ሜካኒካል ነው የተማረችው፣ ዛሬ ራሷ ታስተምራለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች አስተማሪያቸው ስለ ብረት ሲያስረዳ ምድጃችን ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። "ስቴንለስ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም፣ ብዙ ነው። ማግኔት ስላልያዘው ብቻ እሳት ይችላል ማለት አይደለም፤ የያዘውም ሁሉ ተራ ብረት አይደለም። አባዬ የገዛው ለድስት፣ ለደረጃ መደገፊያ የሚሆነውን ነው። እሱ ሲግል በጣም ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ላዩ ላይ የያዘው ቅርፊት ይረግፍና ከሥሩ ያለው ደግሞ ይቃጠላል። በየቀኑ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ያ ከእቶን የወጣው ጥቁሩ ግን ክሮም የሚባለው ማዕድን የበዛበት መሆን አለበት። ማግኔት ይይዘዋል፣ ግን ያን ያህል አይለጠጥም፣ ቅርፊቱም አይለቅም፣ እንደ ቆዳ ይጠብቀዋል። እኛ የገዛነውን ማንም ቢበይደው ይሰነጠቅ ነበር፣ እማዬ።" ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ! "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ስላት "ከነገርኩሽ የመረጠው አባዬ ነው ማለቴ አይደል? ደግሞ ጋሼ ገመቹን ያባረርኩት እኔ ነኝ። በምን አፌ?" ብላ ተንሰቀሰቀች። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሠርግ አይኖርም አለች።

በሳምንቱ ጌዶ ወጣን። ከሚኒባሱ ስንወርድ ግን "አንቺ መጀመሪያ ንገሪው እማዬ። ካልጠላኝ ትጠሪኛለሽ" ብላ መናኸሪያው ቀረች። እኔ እየጠየቅኩ ከብት ገበያው ጥግ አገኘሁት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለከብት ነጋዴ ገመድ ይሸጣል። "ገመቹ" ስለው በድምፄ ነው የለየኝ፤ ያ የብየዳ ብርሃን ዓይኑን በልቶታል። "አዴ አስካለ?" ብሎ ቆቡን አውልቆ ተነሣ። ከፀጉሩ አንድ ጥቁር አልቀረም። የኮቱ ክርን ተቀዶ ሽቦ በመሰለ ክር ተጠቃቅሟል። እንደ ወጉ ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ጤናውን ጠየቀኝ፤ "ኢንተለ ኮስ?" አለኝ በመጨረሻ። ልታገባ ነው አልኩት። "ገለተ ዋቃ፣ ተመስገን" ብሎ ቀና አለ።

ሜሮን ያለችኝን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ማግኔቱ፣ ስለ ቅርፊቱ፣ ብየዳው እንዳልነበረ። የምሥራች ይዤለት የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ሰማኝና ገመዱን እያፍተለተለ "አውቃለሁ" አለኝ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ምናለሽ ተራ ጥቁሩን እንውሰድ ብዬ ለምኜው ነበር። 'ተሴ፣ ይሄ እሳት የለመደ ነው፣ ማግኔቱን ለዛሬ ተወው' አልኩት። ሳቀብኝ። 'አንተ በር ሠሪ፣ እሳት ልታስተምረኝ ነው?' አለኝ። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም አዴ አስካለ። እርግጠኛ ብሆንማ ቢገድለኝም አልበይድለትም ነበር። እንዲያው ሆዴን ነበር ደስ ያላለው።"

"ታዲያ ድንኳን ውስጥ ያ ሁሉ ሲወርድብህ አፍ የለህም?" ብዬ ጮህኩ፤ ከብት ነጂዎቹ ዞረው አዩን።

"ልጅቷ ፊቴ ቆማ? አባትሽ ነው የመረጠው፣ ስነግረው እምቢ ብሎኝ ነው ልበላት? በዚያ ሰዓት አንዱን መጥላቷ አይቀርም። አባቷን ከምትጠላ እኔን ትጥላ አልኩ።"

እዚያው አፈር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሚስቱ ሄደች፣ ሙያው ሄደ፣ ስሙ ሄደ፤ በኛ ልጅ ምክንያት። እሱ እኔን ያባብለኛል፣ ጉድ እኮ ነው! "የብረቱን ነገር ማወቋ ደግ ነው" አለኝ፣ "እኔ ብዬው እንደነበር ግን እንዳትነግሪያት። ሠርጓ ነው። አባቷን በደግ ታስበው።" እሺ አልኩት። መናኸሪያ መሆኗን ነግሬው ልጥራት ስለው ኮቱን በእጁ ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ ሆኜስ አትየኝ" አለ።

ሜሮን ገና ከሩቅ ስታየኝ "ጠላኝ?" አለች። "አልጠላሽም። ሠርግሽን ባርኮልሻል። ሥራ ይዞት ነው" ብዬ ዋሸሁ። ሚኒባሱ ሞላና ወደ አምቦ ልንመለስ በጉደር በኩል ቁልቁለቱን ጀመርን። ፊቷ ፈካ ብሎላት በመስኮቱ እያየች ቆየችና፣ "እማዬ፣ አንድ ነገር ግን አይገባኝም" አለች። "አባዬ ያን ጥቁር ብረት ሲጥል ጋሼ ገመቹ አጠገቡ ነበር። የሙያው ሰው ሆኖ እንዴት አንድ ቃል አይናገረውም? ቢናገር እኮ አባዬ ዛሬ..."

ቃሌን ልጠብቅ ነበር፣ እመቤቴን። ግን ያን ሰው እዚያ ድንጋይ ላይ ትቼው መጥቼ፣ ገና ጌዶን ሳንርቅ ልጄ እንደገና ስትከሰው መስማት አልቻልኩም። "ተናግሮታል" አልኳት። ከዚያ ሁሉንም አፈሰስኩት፤ የለመነውን፣ አባቷ የሳቀበትን፣ ድንኳን ውስጥ ስለ ማን ዝም እንዳለ። አላለቀሰችም። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "ወራጅ አለ!" አለች።

"አሲቲ?" አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት፤ "እዚህ ቁልቁለት ላይ?"

"ወራጅ አለ አልኩህ!"

መኪናው ቆመ። ሜሮን በሰው ጉልበት ላይ ተረማምዳ ወረደች፤ አስፋልቱን አቋርጣ፣ ወደ ጌዶ የሚወጣ መኪና በሚያልፍበት በኩል ቆመች። እኔም ልከተላት ተነሣሁና፣ ይቅርታው የሷ ነው ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ። ረዳቱ በሩን እንደያዘ "ማዘር፣ እርስዎስ?" አለኝ።

"ዝጋው፣ እንሂድ" አልኩት።